ከሽሬ እስከ ጎጀብ፦ የሽንፈት መንገድ በአማርኛ የጦርነት መጻሕፍት

ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ለኢጣሊያ ጦር እጃቸውን ሰጡ። ዓመት ሙሉ የተጓዙበት መንገድ እዚያ አበቃ። ሽሬ ላይ ተዋግተው፣ ተከዜን ተሻግረው፣ ጎጃም ተመልሰው፣ ከዚያ ጎሬ ወርደው፣ በመጨረሻም ወደ ደቡብ ሲያዘግሙ ነው የተከበቡት። አብረዋቸው ከተማረኩት አንዱ ገና 30 ዓመት ያልሞላቸው የጎጃም ሰው፣ ቅኔ የተማሩት መምህር ሐዲስ ዓለማየሁ ነበሩ። ሁለቱም ኢጣሊያ ተወስደው ታሰሩ፤ ሁለቱም ከእስር ተፈትተው በመንግሥት ሥራ አገለገሉ፤ ሁለቱም ያን መንገድ ጻፉት። የሐዲስ «ትዝታ» በ1985 ዓ.ም. ታተመ። የራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» ደግሞ ባለቤቱ ካረፉ 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ለአንባቢ ደረሰ።

ስለ አምስቱ የኢጣሊያ ወረራ ዓመታት ምን ላንብብ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የማቀብለው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ነጣጥሎ ሳይሆን ጎን ለጎን አድርጎ እንዲያነባቸው። ብዙው ሰው ይገረማል። የጦርነት መጽሐፍ የሚፈልግ አንባቢ የሚጠብቀው ዐድዋን ነው፣ አለዚያም የአርበኞችን ጀብዱ። እኔ ግን ከብዙ ዓመት ንባብ በኋላ አንድ እምነት ላይ ደርሻለሁ፤ በአማርኛ ስለ ጦርነት ከተጻፈው ሁሉ ለእውነት የሚቀርበው የማፈግፈጉ ክፍል ነው። ድልን የሚተርክ ሰው አድማጩ አስቀድሞ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። ከተፈታ ጦር ጋር የተመለሰ ሰው ግን ተርክልን ያለው የለም፤ ሹመት አያገኝበትም፤ ሽልማት አይጠብቅም፤ እንዲያውም ዝም ቢል ይሻለዋል። እንዲያም ሆኖ ከጻፈ የጻፈው ነገሩ ስለከበደው ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ነው፤ የምጠቅሳቸውንም መጻሕፍት የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

አማርኛ ስለ ጦርነት ሲናገር የኖረባቸው ሁለት የቆዩ መንገዶች አሉት። አንዱ ዜና መዋዕል ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክን ዘመን ሲጽፉ ዓይናቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን ብዙም አይርቅም፤ ጦር የሚነሣው ንጉሡ ሲነሡ፣ የሚሰፍረውም ንጉሡ ሲሰፍሩ ነው። ሌላው ፉከራ ነው። ፎካሪው በጌታው ፊት ቆሞ፣ የአባቱንና የፈረሱን ስም ጠርቶ፣ የጣለውን ግዳይ ይቆጥራል። ፉከራን ባዶ ትዕቢት አድርገው የሚያዩ አሉ፤ አይደለም። ፉከራ የምስክርነት ሥርዓት ነው። ፎካሪው የሚናገረው አብረውት በዋሉ ሰዎች ፊት ስለሆነ፣ ያልሠራውን ቢል የሚያፍረው እዚያው በቆመበት ነው። አንድ ተራ ወታደር «እኔ» ብሎ የራሱን ታሪክ በአደባባይ የሚያቆምበት ሌላ መድረክ በዚያ ዘመን አልነበረውም። ብዕር ሳይኖር የተነገረ የሕይወት ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሁለቱም ግን አንድ ነገር ይከብዳቸዋል። ዜና መዋዕል ንጉሥ የሌለበትን ሜዳ ማየት አይሆንለትም። ፉከራም ግዳይ የሌለበትን ቀን መናገር አይሆንለትም። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው፤ ፎክሮ የዘመተ ሠራዊት ድል ሆኖ ተመለሰ። (አማርኛችን እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ጠባይ አለው። «ድል» የሚለው ቃል ለአሸናፊውም ለተሸናፊውም ያገለግላል፤ አንዱ ድል አደረገ፣ ሌላው ድል ሆነ፣ ድል ተመታ እንላለን። ስሙ አንድ ነው፤ ሰውን ከሰው የሚለየው የሚከተለው ግሥ ነው።) ድል የሆነው ሰው በየትኛው ቋንቋ ይናገር? ፉከራው አይሆነውም፤ ለቅሶውም ለሞተ ሰው እንጂ ለቆመ ሰው አይደለም። እነራስ እምሩና ሐዲስ የጻፉት ዓይነት ማስታወሻ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

የራስ እምሩ ዘመቻ ለዚህ ክርክር የሚመቸው በሽንፈት ስላልጀመረ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦራቸው ተከዜን ተሻግሮ ደምበጊና በተባለው ማለፊያ ላይ ትንንሽ ታንኮች የያዘ የኢጣሊያ ጦር መታና ወደ ሽሬ ገፋ። የጠላት ጦር በአክሱም በኩል ጀርባው ሊጋለጥ ደረሰ። ባላገሩን ከየቀዬው በክተት ያሰባሰበ፣ አብዛኛው የራሱን ስንቅ ይዞ የዘመተ ሠራዊት የብረት ተሽከርካሪ ማረከ ማለት ለፉከራ የሚተርፍ ነገር ነው። መልሱ ግን ከሰማይ መጣ። ታኅሣሥ 13 ቀን አውሮፕላኖች የተለመደውን ቦምብ ሳይሆን በርሜል የሚመስል ነገር ጣሉ፤ መሬት ሲነካ ተሰብሮ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ። የነካው ሰው ገላ ተቃጠለ፣ እጁና ፊቱ አበጠ፣ ውኃ ሊጠጣ ወደ ወንዙ የሮጠውም እዚያው ቀረ። ራስ እምሩ በዚያች ጠዋት የተዋጊ ወገን አዛዥ ሆነው ለሠራዊታቸው የሚሰጡት ትእዛዝ አጡ። ጋሻ የማይመክተው፣ ጀግንነትም የማይመልሰው ነገር ነበር።

ይህን ምስክርነት ዓለም ያወቀው እንዴት እንደሆነ ማሰብ ልብ ይሰብራል። አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው ኢጣሊያዊ ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ ራስ እምሩን አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ አነጋገረና ቃላቸውን በ1965 እ.ኤ.አ. በታተመው የጦርነቱ ታሪክ ውስጥ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ስለ ተከዜው መርዝ የጻፈ የውጭ ሰው ሁሉ ያን ቃል ይጠቅሳል። የራሳቸው የአማርኛ መጽሐፍ የታተመው ግን ከ40 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። የእኛን አዛዥ ድምፅ በሰፊው አስቀድሞ ያነበበው የወራሪው አገር አንባቢ ነበር ማለት ነው። ዴል ቦካን አመሰግናለሁ፤ ጦርነቱን በክብር ሊያስታውስ በሚፈልግ ሕዝብ መካከል ቆሞ፣ ስድብን ታግሦ፣ መዝገቡን አገላብጦ እውነቱን አውጥቷል። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ያህል ዓመት የራስ እምሩ አማርኛ ለአማርኛ አንባቢ አለመድረሱ ግን የእኛው ጉድለት ነው።

ስለዚህ ራስ እምሩን የወራሪው ጦር አዛዥ ከነበረው ከማርሻል ባዶሊዮ ጋር አጣምሮ ማንበብ ይጠቅማል። የባዶሊዮ የዘመቻ መጽሐፍ የወጣው ጦርነቱ ባበቃበት በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው፤ መቅድሙን የጻፈው ሙሶሊኒ ነው። መጽሐፉ በካርታና በትእዛዝ ሰነድ የታጀበ፣ ጥንቅቅ ያለ ነው። መርዙ ግን የለበትም። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ሳለ፣ ድሉን ካስገኘላት መሣሪያ አንዱ በድሉ መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈም። ድል አድራጊ ምን እንደሚያስቀር ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የራስ እምሩን ርእስ ከዚህ ጋር አስተያዩት። «ካየሁት» ይላል፤ «ከማስታውሰው» ይላል። ከሰማሁት አላለም፣ ሁሉን አላለም። ርእሱ ራሱ የምስክር ቃል ነው፤ ምን ያህል እንደሚያውቅ ለይቶ ይናገራል።

በየካቲት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ሽሬ ላይ ጦሩ ተፈታ። «ተፈታ» የሚለው ቃላችን ትክክለኛ ነው፤ ሠራዊቱ ሁሉ አልሞተም፣ አልተማረከምም፣ እንደ ቋጠሮ ተፈታ እንጂ። ከፊሉ ተከዜ ላይ በአውሮፕላን አለቀ፣ ከፊሉ ወደየአገሩ ሄደ። የጎጃሙ መኳንንት ከመጀመሪያውም አንድ ልብ አልነበረም፤ የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ ኃይሉ ከተሻሩ ወዲህ በምትካቸው የተሾሙትን የሸዋ ሰው፣ ራስ እምሩን፣ የሚቀበለው እያጉረመረመ ነበርና። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። ለማስታወሻ ጸሐፊ ግን መጽሐፉ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ሺዎችን የመራ ሰው በመቶዎች፣ ቆይቶም ከዚያ ባነሱ ሰዎች መካከል ሲቀር፣ ማን አብሮት እንዳደረና ማን በሌሊት እንደሄደ ያውቃል።

ሐዲስ ዓለማየሁ የቆሙት ከሌላው ጫፍ ነው። ያዘዙ ሰው አይደሉም፤ ስለዚህ የሚከላከሉት ውሳኔ የላቸውም። አዛዥ ሲጽፍ፣ የፈለገውን ያህል ቅን ቢሆን፣ «ለምን እንዲያ አደረግሁ» የሚል ጥያቄ ከእያንዳንዱ ገጽ ጀርባ ይሰማል። ታዛዥ ሲጽፍ ጥያቄው ይለወጣል፤ «ምን ደረሰብን» ይሆናል። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አንብቡ የምለው ለዚህ ነው። አንድ ወንዝ ነው፤ አንዱ ማሻገሪያውን የመረጠ፣ ሌላው የተሻገረ። እውነቱ ከሁለቱ መካከል ባለው ርቀት ውስጥ ይገኛል።

ሐዲስ «ትዝታ» እስኪታተም ድረስ ጦርነቱን ጭራሽ አልጻፉትም ማለት ግን አይቻልም፤ እኔ እንደማነበው በሌላ ልብስ ጽፈውታል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ሁሉም የሰብለንና የበዛብህን ፍቅር አየ። እኔ ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻን ዘመቻ እንድታዩ እለምናለሁ። በዘሩና በጦር ስሙ የሚመካ፣ ሰውን ሁሉ ግጠመኝ የሚል ሽማግሌ ባላባት በራሱ ገበሬዎች ላይ ይዘምታል፤ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ይመቱትና ይማርኩታል። በብዙ ፉከራ የተነሣ ዘመቻ እንዴት እንደሚያበቃ፣ የተማረከ ሰው እንዴት እንደሚያንስ፣ ስንቅ የሚጫንበት ባላገር ስለ ጌታው ጦርነት ምን እንደሚያስብ እዚያ ምዕራፍ ውስጥ አለ። ይህን የጻፈ ሰው ሽሬን ያየ፣ ራሱም የተማረከ ሰው መሆኑን ሳስታውስ ምዕራፉ ሌላ ይሆንብኛል። ደራሲው እንዲያ አስበው ነው የጻፉት ብዬ ልምል አልችልም፤ «ትዝታ»ን ከልብ ወለዱ አስከትሎ የሚያነብ ሰው ግን ሁለቱ ከአንድ ሰው ሆድ መውጣታቸውን አይስተውም።

ከሽሬ ወደ ጎጀብ በሚወስደው በዚያው መንገድ ላይ ሌላ ሊታለፍ የማይገባው ነገር የጥቁር አንበሳ ማኅበር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት ሲወጡ ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ነበር። በምዕራብ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የተባሉት የእንስሳት ሐኪም፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና ሌሎች የተማሩ ሰዎች ተሰባስበው ማኅበሩን መሠረቱ፤ ሐዲስም ከእነርሱ ጋር ነበሩ። በሰኔ ወር ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ማቃጠላቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። እኔን ግን ከዚህ የበለጠ የሚነካኝ ያወጡት ባለ 10 አንቀጽ ደንብ ነው። ፖለቲካዊው አመራር ከወታደራዊው በላይ እንዲሆን፣ ባላገሩ እንዳይበደል፣ ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ ይደነግጋል። አገር ተይዞ፣ ንጉሥ ተሰድዶ፣ ጦር ተፈትቶ ሳለ ሃያ ምናምን ዓመት የሆናቸው ልጆች ተቀምጠው ስለ ሕግ ያስባሉ። ባሕሩ ዘውዴ በዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ይህን በአጭሩ፣ በጥሩ ሁኔታ አስፍረውታል፤ ከማስታወሻዎቹ በፊት የዘመኑን አጥንት ማወቅ ለሚሻ አንባቢ ከዚያ ይጀምር እላለሁ።

ስለ እስሩ አንድ ነገር ልጨምር። ራስ እምሩ ከታሰሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ፖንዛ የምትባለው ትንሽ ደሴት ናት። በ1943 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ የራሱ አገር ሰዎች ወደዚያችው ደሴት ወሰዱት፤ ያስቀመጡትም ራስ እምሩ በነበሩበት ቤት ነው። የታሪክ ጸሐፊ ይህን የመሰለ ነገር ሲያገኝ ብዙ ሊያወራበት ይፈተናል። እውነታው በቂ ነው።

ወደ ላይ ስንመለከት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» አለ። የመጀመሪያው ክፍል አብዛኛው የተዘጋጀው በስደት፣ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሲሆን የታተመው በ1965 ዓ.ም. ነው። ይህን መጽሐፍ አንብቡ፤ ግን መጀመሪያ አታንብቡት። ምክንያቱን ልናገር። የስደት መጽሐፍ ነው፤ ለዓለም ፍርድ ቤት የቀረበ የክስ ማመልከቻ ነው። ደብዳቤው፣ ቴሌግራሙ፣ የጄኔቭ ንግግሩ ተሰድሮ ይገኛል፤ ለታሪክ ተመራማሪ ይህ ዋጋው ብዙ ነው። የማይጨውን ውጊያና ከአሸንጌ ሐይቅ ወዲህ ያለውን መመለስም ይተርካል። ነገር ግን ንጉሡ ለምን ወጡ የሚለው ጥያቄ የቆመበት መጽሐፍ ስለሆነ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መልስ ለመሆን ይሠራል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለማንበብ አንባቢው ሌላ ድምፅ በጆሮው ይዞ መግባት አለበት።

ያ ሌላ ድምፅ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። «ኦቶባዮግራፊ» በሚል ርእስ በ1999 ዓ.ም. የታተመው የሕይወት ታሪካቸው በአማርኛ ከተጻፉት ሁሉ ለእኔ ከፍ ያለው ነው። በልጅነታቸው ዐድዋ ዘምተዋል፤ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረዋል፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ ጄኔቭ ላይ ለአገራቸው ተከራክረዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ መውጣት የለባቸውም ካሉት አንዱም ነበሩ። አንድ ሰው በዕድሜው የዐድዋንም የማይጨውንም ዘመን አየ ማለት ነው። ዐድዋን በልጅ ዓይን ያየ ሰው ስለ 1928 ሲጽፍ ቁጣው ከየት እንደሚመጣ ይገባል፤ ያሸነፈ አገር ለምን 40 ዓመት ቆይቶ እንዲህ ሆነ የሚል ቁጣ ነው። ቁጣው አንዳንድ ጊዜ ፍርዳቸውን ያከርረዋል፤ ለሰው የማይመለሱበት ቦታ አለ። እኔ ግን ከተጠነቀቀ ዝምታ ይልቅ ያን ክርር ያለ ብዕር እመርጣለሁ።

የአርበኞቹ መጻሕፍት የተለዩ ናቸው። የገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» በ1949፣ የታደሰ ዘወልዴ «ቀሪን ገረመው» በ1960 ዓ.ም. ወጥተዋል። ከርእሳቸው ጀምሮ ፉከራው ይሰማል፤ ይሰማ ዘንድም ይገባል፣ የተጋደሉት አርበኞች ታሪክ ነውና። ትልቁ ስጦታቸው ስም ነው። የየወረዳውን ሰው፣ የየጎራውን ውጊያ፣ በየዋሻው የሞተውን ሰው በስሙ ይጠራሉ። አንድ አንባቢ የአያቱን ስም ፈልጎ ገጽ ሲገልጥ አይቻለሁ፤ ሲያገኘው ምን እንደሆነም አይቻለሁ። ስለዚህ እነዚህን መጻሕፍት በአጻጻፍ ውበታቸው ብቻ የሚለካ ተቺ አይመቸኝም።

ድክመታቸው በታተሙበት ዘመን ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ አርበኛውም፣ ስደተኛውም፣ ባንዳ የነበረውም በአንድ ግብር አዳራሽ ተቀምጦ ይበላ ነበር። ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ በመስከረም 1928 መጨረሻ ወደ ጠላት መግባታቸውን ሁሉ ስለሚያውቅ መጻፍ ይቻላል። የጎረቤትን፣ የአለቃን፣ የአማትን ጉዳይ ግን ማን ይጽፋል? ከነፃነት በኋላ በወጡ መጻሕፍት ውስጥ «አንዳንድ ሰዎች» የሚለውን ሐረግ ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ፤ እዚያ ላይ ጸሐፊው ስም ያውቅ ነበር። የጳውሎስ ኞኞ «የኢትዮጵያና የኢጣልያ ጦርነት» በ1980 ዓ.ም. ሲወጣ ዘመኑ ተለውጦ ስለነበር፣ ደራሲውም ሰውን ሁሉ የሚያዋራ ጋዜጠኛ ስለነበሩ፣ አፍ የተፈታ ነው። የራስ እምሩ፣ የተክለ ሐዋርያትና የሐዲስ ማስታወሻዎች ሁሉም ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መታተማቸው ደግሞ እንዲያው የተገጣጠመ አይመስለኝም።

ከውጭ ሰዎች ሁለት ልጥቀስ። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ወኪል ጆርጅ ስቲር ጦርነቱን ከኢትዮጵያ ወገን ሆኖ ተከታትሎ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን አወጣ፤ በዓመቱ የጌርኒካን መቃጠል ለዓለም የነገረውም እርሱ ነው። ሌላው ቼኩ አዶልፍ ፓርለሳክ ነው። ከራስ ካሣ ጦር ጋር በሰሜን ግንባር የነበረ ሲሆን ያየውን በአገሩ ቋንቋ ጻፈ፤ ተጫነ ጆብሬ መኮንን ከቼክ ቋንቋ በቀጥታ ወደ አማርኛ መልሰው «የሀበሻ ጀብዱ» ብለው ሰጡን። ትርጉሙ ከሌላ ሦስተኛ ቋንቋ ያልመጣ መሆኑ በንባቡ ይታወቃል፤ ሰዎቹ አማርኛ ይናገራሉ፣ የተናገሩትም መጀመሪያውኑ በአማርኛ ነበርና ቃላቸው ወደ ቤቱ የተመለሰ ይመስላል። ብዙ ወጣት አንባቢ ወደ ጦርነቱ ታሪክ የገባው በዚህ መጽሐፍ በር ነው። በሩ መልካም ነው፤ ጀብዱውን ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰው ግን መጽሐፉን ግማሹን አንብቧል።

የቅርቡን ዘመን በሚመለከት አጭር ነገር ብቻ እላለሁ፤ ቁስሉ ገና ትኩስ ነው፣ ራሱን የቻለ ጥናትም ይገባዋል። ከደርግ ውድቀት ወዲህ የከፍተኛ ባለሥልጣናቱ ማስታወሻዎች፣ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምን «ትግላችን» ጨምሮ፣ በአገር ውስጥም በስደትም ታትመዋል። የተራ መኮንንና የወታደር መጻሕፍትም ወጥተዋል። ከእነዚህ የታደሰ ቴሌ ሳልቫኖን «አይ ምፅዋ» አስቀድማለሁ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ስትወድቅ የሆነውን ይተርካል። ከላይ ያልሁት ሚዛን እዚህም ይሠራል፤ ከላይ ያዘዙት የሚጽፉት ማን እንዳጠፋ ለማሳየት ነው፣ ከታች የነበረው የሚጽፈው ከጎኑ የወደቀውን ጓዱን ስም ላለመርሳት ነው።

አንድ ትልቅ ባዶ ቦታ ይቀራል። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጥተው ከተገደሉ በኋላ ጦር አሰልፈው ሸዋ ውስጥ ተዋግተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኛው መረጃና መሣሪያ አቀብለዋል፣ ተይዘው ተሠቃይተዋል፣ ተግዘዋል። ሁለቱንም የምናነባቸው በሌላ ሰው ብዕር ነው። በዚያ ሠራዊት ውስጥ እህል ፈጭታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ውኃ ተሸክማ፣ ቁስለኛ አስታማ፣ ሲከፋም ጠመንጃ አንሥታ የሄደችው ሴት ደግሞ በሌላ ሰው ብዕርም እምብዛም የለችም። ጸሐይ ብርሃነ ሥላሴ ለዓመታት የደከሙበት የታሪክ ጥናት ይህን በር ስለከፈተ ውለታው ትልቅ ነው፤ የማስታወሻ መደርደሪያችን ግን አሁንም የወንዶች ነው።

ከባላገሩ የተረፈን ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። በማይጨው ውጊያ ሰሞን የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ወኪል የነበረው ስዊሱ ሐኪም ማርሴል ዡኖ ቆረም ደርሶ ነበር። በሜዳው ላይ፣ በዛፍ ሥር፣ በየጥሻው በመርዙ የተቃጠሉ ሰዎች ተኝተው አገኘ። የሚያክምበት መድኃኒት አልነበረውም፤ አማርኛም አያውቅም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ትዝታውን በፈረንሳይኛ ሲጽፍ ከየአቅጣጫው ይሰማው የነበረውን አንድ ቃል እንደሰማው በድምፁ ብቻ አሰፈረው። ቃሉ «አቤት» ነው።